ሰባቱ ሰማያዊ ዛጎሎች

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጽዳት ሠራተኛዋ የማቆያ ክፍሉን በር ከፍታ አንድ እግሯን አስገባች፤ ሁለተኛውን ማስገባት ግን አቃታት። ሽታው ፊቷን መታት። ባልዲዋን እዚያው ጥላ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ይዛ፣ "ሞቱ! ሁሉም ሞቱ!" እያለች ወደ ጓሮ በር ሮጠች። ዘበኛው ሰው ያለቀ መስሎት ፖሊስ ጠራ።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ረፋድ ሆኗል። አስከሬን ፍለጋ ዓይኗን ብታዞርም ያየችው ውሃው የተደፋ የመስታወት ገንዳ፣ ገንዳው ውስጥ ሰባት ጠፍጣፋ ድንጋዮች፣ አጠገቡ ደግሞ ክራቫቱን የሚፈታና መልሶ የሚያስር ሥራ አስኪያጅ ብቻ ነው።

"የሞተው ማነው?" አለች።

"ዛጎሎቹ!"

ዛጎል ሲል ሰው ክር ውስጥ የሚሰካውን ትንሹን ማለቱ አልነበረም። ከባሕር ወለል ላይ በሁለት ወፍራም ክዳኖች መካከል የሚኖር፣ ሁለት ጭብጥ የሚያህል እንስሳ ነው። ብርሃን ሲያገኝ ክዳኑን ከፍቶ ሥጋውን እንደ ሐር ይዘረጋል። የባሕር እንስሳት ማሳያ ቤቱ ቅዳሜ ለሚከፍተው አዲስ አዳራሽ ሰባት ሰማያዊ ዛጎሎች ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ተገዝተው ገብተው ነበር። የጥሪው ወረቀት ላይ ሳይቀር ሥዕላቸው ታትሟል።

"አዝናለሁ" አለች ኢንስፔክተሯ፤ "ግን ወንጀሉ የቱ ላይ ነው?"

"ማታለል ነዋ! መርጠው የገዙልን እትዬ ጥላ ናቸው። 'ጤነኛ' ብለው ፈርመዋል። ሐኪማችን ደግሞ ከመገዛታቸው በፊት የታመሙ ናቸው አለ። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ካልተደለለ በቀር ይህን እንዴት ያልፋል?"

"እስኪ እንደገና ይንገሩኝ።"

ሥራ አስኪያጁ ግራ ተጋባ። ጣቢያው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ማንም አይገርመውም ነበር፤ እዚያ የሚጠሯት በማዕረጓ ሳይሆን "እንደገና" እያሉ ነው። ሌባም ይሁን አለቃ፣ የሚነግራትን አንድ ጊዜ ሰምታ አታልፍም። ሰው በመጀመሪያው የተዘጋጀበትን ይናገራል፤ የረሳውን የሚያስታውሰው ወይም ውሸቱ የሚደነቃቀፍበት በሁለተኛው ነው ባይ ናት።

ሐኪሙ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ነጭ ጋዋኑ ላይ የክር ጫፍ እንኳን የማይታይ ሰው ነው። ሪፖርቱን አቀበላት። ቀለማቸው ነጥቷል፤ አፋቸው ተበርግዷል፤ ከድንጋይ የሚይዙበት እግራቸው ተቀዷል። ሥጋቸውን በቅርብ ያነሳቸው ሁለት ፎቶዎችም አሉ።

"ራሳቸውን ላያቸው እችላለሁ?"

"አቃጥያቸዋለሁ። በሽታው ወደ ሌላ ገንዳ እንዳይዛመት ደንቡ ያዛል።"

"ክዳኑ አጥንት አይደል? እሱም ይቃጠላል?"

"በዚያ ምድጃ ሙቀት ኖራ ይሆናል።"

"ሰኞ ከሰዓት የት ነበሩ፣ ዶክተር?"

"ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክሊኒኬ ውስጥ ውሻ እያከምኩ ነበር። ባለቤቷን መጠየቅ ይቻላል።"

"እስኪ እንደገና።"

"ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክሊኒኬ ውስጥ ውሻ እያከምኩ ነበር። ባለቤቷን መጠየቅ ይቻላል" አለ ሐኪሙ፤ አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ አንዲት ቃል ሳይቀንስ።

ዘበኛውም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ከጓሮ በር አለመነቃነቁን ምሎ ነገራት። ማታ ሕንፃው በማንቂያ ደወል ስለሚዘጋ ሰው ሊገባ የሚችለው ሰኞ ከሰዓት ብቻ ነበር። የማቆያው ክፍል ቁልፍ ሦስት ነው። አንዱ ሥራ አስኪያጁ ጋ፣ አንዱ ሐኪሙ ጋ፣ አንዱ ዘበኛው ጋ ነው። እትዬ ጥላም ጽዳት ሠራተኛዋም የሚከፍቱት ከዘበኛው ወስደው ነው፤ ሰኞም እትዬ ጥላ ወስደው መልሰዋል።

* * *

እትዬ ጥላ የሚኖሩት ከገበያው ጀርባ፣ አሳንሰር በሌለው ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ ነው። በሩን የከፈቱላት ባላቸው ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸውና ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ በከንፈራቸው ሁለት መርፌ ይዘዋል።

"ልትወስጃት ከሆነ የመጣሽው መጀመሪያ እኔን ውሰጂ" አሉ በመርፌዎቹ መካከል።

"ለመጠየቅ ብቻ ነው፣ አባቴ።"

"እንግዲያው ጠይቂ። እኔን ለማግባት ሦስት ዓመት ሙሉ የመረመረች ሴት ናት። የታመመ ዛጎል በጥድፊያ ትገዛለች?"

"አንተ ሰውዬ፣ መርፌውን ከአፍህ አውጣ!" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

እትዬ ጥላ አጭር ሴት ናቸው። ጣቶቻቸው በጨው ውሃ ብዛት ተሸብሽበዋል፤ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ግን ጀርባቸው መደገፊያውን አይነካም። ኢንስፔክተሯ በሥራ ዘመኗ ብዙ ተከሳሽ አይታለች፤ የሚያለቅስ፣ የሚምል፣ የሚሳደብ። እኚህ አንዱንም አላደረጉም።

"ልታስሪኝ ከመጣሽ እጄ ይኸውልሽ። አልለምንም" አሉ። "ጤነኛ ናቸው ያልኩት ጤነኛ ስለነበሩ ነው።"

"እንዴት አወቁ?"

ፊታቸው ላይ አንድ ነገር በራ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ቁጭ ብሎ የጠየቃቸው ሰው እንዳልነበረ ኢንስፔክተሯ ወዲያው ገባት።

እትዬ ጥላ ተነስተው ከጓዳ ሁለት ጎድጓዳ ሳህኖች አመጡ። አንዱን በአንዱ ላይ ገጥመው በትንሹ ከፈቱት። ከባላቸው የልብስ ቁርጥራጭ መሐል ሰማያዊ ሐር መርጠው በመካከሉ ዘረጉ፤ ጫፉ ከሳህኖቹ ጠርዝ አልፎ ወደ ውጭ ተንጠለጠለ።

"ይሄ ከንፈሩ ነው። ደህና ብርሃን እያገኘ እንዲህ ከጠርዙ አልፎ ከተዘረጋ ደስ ብሎታል። ወደ ውስጥ ሰብስቦ ከተኮማተረ አንድ ነገር አሞታል። መካከሉ ነጭ ከሆነ ርቦታል፤ የሚኖረው በብርሃን ነውና። ይቺ ቀዳዳ የውሃ መሳቢያ አፉ ናት። ልክ እንደሚተነፍስ ሰው በትንሹ ትከፈታለች። ሆዱ እስኪታይ ከተበረገደች አበቃለት። ቀጥሎ ጥላ።"

መዳፋቸውን በሳህኖቹ ላይ ሳይነኩ አሳለፉ።

"ጤነኛው ጥላሽን ሲያይ ዓይን እንደሚጨፈን እጥፍ ይላል። የታመመው ያስባል። የሚያስብ ዛጎል አልገዛም።"

ለካስ ስማቸው የመጣው ከዚህ ነው።

"ክዳኑስ?"

"ጎሽ! ጠርዙን እዪ። የምትበላ፣ የምታድግ ከሆነች የጥፍር ሥር እንደሚነጣው ዓይነት አዲስ ነጭ መስመር አላት። ሥሯን እዪ፣ ሩዝ የሚያካክሉ ቀንድ አውጣዎች ተጣብቀው ደሟን እየመጠጧት እንዳይሆን። መጨረሻ ላይ እግር። ከእግሯ በምታወጣው ክር ድንጋይ ጨብጣ ነው የምትኖረው። ጎትቶ የነቀላት ሰው ገድሏታል፤ ሬሳዋን ነው የምትገዢው። ስለዚህ ከነድንጋይዋ ነው የምወስዳት።"

"እስኪ እንደገና ይንገሩኝ።"

እትዬ ጥላ ሳቁ። ሁሉንም ከሐሩ ጀምረው እንደገና ነገሯት። ሲጨርሱ ሳህኖቹን ዘጉና ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

"ዛጎል በአንድ ሌሊት አይነጣም፣ ልጄ። ሳምንታት ይፈጅበታል። እኔ ሰኞ ያስገባሁት ሰማያዊ ነው፤ ማክሰኞ የሞተው ነጭ ነው ካላችሁኝ፣ የሞቱት የእኔዎቹ አይደሉም።"

"የእርስዎዎቹ የት ሄዱ ታዲያ?"

"እሱን የምታገኚው አንቺ ነሽ። የእኔ ሙያ ዛጎል ነው።"

ጠረጴዛው ላይ ጥቁር፣ ወፍራም ደብተር ነበር። የገዙትንም የመለሱትንም አንድ በአንድ የጻፉበት ነው። ኢንስፔክተሯ ልትወስደው እጇን ብትዘረጋ እትዬ ጥላ መዳፋቸውን ጫኑበት።

"ይሄ ከእኔ ጋር ነው የሚሄደው። ስትፈልጊኝ ሁለታችንም እንመጣለን።"

* * *

ሻጩ ወደቡ ዳር ባለ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ሲናገር ማዕበል የሚያሸንፍ ድምፅ ያለው ግዙፍ ሰው ነው። ሰኞ ከሰዓት ጀልባ ሲያራግፍ ሃያ ሰው አይቶታል፤ ሃያዎቹም ሳይጠየቁ መሰከሩለት።

"የታመመ ዛጎል? ለእሷ?" አለ። "ለሌላ ሰው ልሸጥ እችል ይሆናል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ለእሷ ግን አልሞክራትም። አሥር ባሳያት ሦስት ትወስዳለች። ከበር ስትገባ የምትመረምረው እኔን ነው የሚመስለኝ።"

"ታዲያ ለምን ይሸጡላታል?"

"እትዬ ጥላ የገዛችኝ ቀን ሌላው ገዢ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚገዛኝ። ነይ እስኪ።"

ወደ አንድ ሰፊ ገንዳ ወሰዳት። አሥራ ሁለት ዛጎሎች በየድንጋያቸው ላይ ተዘርግተዋል፤ አረንጓዴው፣ ቡናማው፣ ነጠብጣቡ። ኢንስፔክተሯ ማንም ሳያዛት መዳፏን በውሃው ላይ አሳለፈች። አሥራ አንዱ እጥፍ እጥፍ አሉ። አንዱ ዘገየ።

"ይሄኛው ያስባል" አለች።

ሻጩ አፉን ከፍቶ አያት፤ "ኧረ በፈጠረሽ! አንቺንም አስተማረችሽ?"

ድንጋዮቹን ራሱ በመጋዝ ይቆርጣቸዋል፤ ከሥራቸው ሦስት ጭረት ይስልባቸዋል። "ዛጎሉ ሲሞት ክሩ ምን ይሆናል?" ብላ ጠየቀችው።

"ይበሰብስና ከእግሩ ጋር ተበጣጥሶ ይወርዳል። እንደ አሮጌ ገመድ።"

ኢንስፔክተሯ በቀጥታ ወደ ማቆያው ክፍል ተመለሰች። ሰባቱን ድንጋዮች አንድ በአንድ ገለበጠች፤ ሁሉም ሥር ሦስት ጭረት አለ። ከላያቸው ደግሞ የክር ጉቶ ቆሟል። ማጉያ መነጽሯን አውጥታ አየችው። አልተበጣጠሰም። በመቀስ እንደተከረከመ ፀጉር እኩል ነው። ሰባቱም ላይ እኩል ነው።

አንድ ሰው ሕያዋኑን ዛጎሎች በስስ ምላጭ፣ ሳይጎዳቸው፣ ከድንጋያቸው ለይቶ ወስዷል። በቦታቸው ሊሞቱ የተቃረቡ ሌሎች አስቀምጧል።

አለቃዋ በስልክ ነገሩን ሰምቶ በአንድ ቃል ጨረሰው። "በቃ፣ ሴትየዋ ናቸዋ! እንዲህ የሚቆርጥ ባለሙያ ሌላ ማን አለ? ሰኞ ከሰዓትስ የት ነበሩ?"

"ቤታቸው። ከባላቸው ጋር።"

"ባል ምስክር አይሆንም። እስከ ዓርብ ካልቋጨሽው ሴትየዋን ይዘሽ ትመጫለሽ።"

ስልኩን ዘግታ ድንጋዩን እንደያዘች ቆመች። አለቃዋ ያለው ስህተት የለበትም። ያ ነው ያናደዳት።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ጽዳት ሠራተኛዋን ልታነጋግራት ሄደች። ሴትየዋ ገና ስታያት መወልወያዋን ይዛ በሌላ በር ሾለከች። ማክሰኞም እንዲሁ አድርጋ ነበር። "ይቺ የምትደብቀው ነገር አለ" ብላ ተከተለቻት። ወደ ሠራተኞቹ መታጠቢያ ክፍል ስትገባ ሴትየዋ የለችም፤ ቧንቧው ብቻ ይንጠባጠባል። ያን ጠዋት ድንጋዮቹን እንደገና ስትነካካ የጨቀየ እጇን ልትታጠብ ሳሙናውን አነሳች።

ሳሙናው የተቀመጠው በዛጎል ክዳን ላይ ነው።

ጽዳት ሠራተኛዋ ከመጸዳጃው በር ጀርባ ወጣች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "አንድ ብቻ ነው የወሰድኩት፣ እህቴ። ማክሰኞ ዕለት ሐኪሙ ሰብስቦ ሲወስዳቸው አንዷ ክዳን ተገንጥላ ወድቃ ነበር። ታምራለች ብዬ... ሌባ አይደለሁም።"

"አይደለሽም" አለች ኢንስፔክተሯ ክዳኑን በመሐረቧ እየጠቀለለች። "ምናልባትም በዚህ ቤት ውስጥ ለእውነት የተረፈችውን አንዲት ማስረጃ ያስቀመጥሽ አንቺ ብቻ ነሽ።"

እትዬ ጥላ ክዳኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ወደ መስኮቱ ሄዱ። አውራ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ ቀስ አድርገው አስኬዱት፣ መለሱት፣ እንደገና አስኬዱት፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

"አዲስ ነጭ መስመር የላትም። አታድግም ነበር" አሉ። "እዚህ ጋ ደግሞ ሸንተረሯ እንደ ጥርስ ተሸርፏል።" ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። "ይቺን አውቃታለሁ!"

ደብተራቸውን ገለጡ። ያለፈው ወር ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉና ኢንስፔክተሯ እንድታነብ ገፋ አደረጉላት። *አራተኛዋ። መካከሏ ነጭ። ለጥላ ዘገየች። ጠርዟ እድገት የለውም። ከግራ ሦስተኛው ሸንተረር ተሸርፏል። አልቀበልም።*

"ያን ቀን ዘጠኝ ነበር የመጡልኝ። ዘጠኙንም መለስኳቸው።"

"ለሻጩ?"

"ሐኪሙ እመልሳቸዋለሁ ብሎ ጭኖ ወሰዳቸው።"

ኢንስፔክተሯ ስልኳን አውጥታ ወደ ወደቡ ደወለች። የሻጩ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። "እነዚያ ዘጠኙ? ኧረ አልተመለሱም! ሐኪሙ መንገድ ላይ ሞቱ ብሎኝ ትቼዋለሁ። መርጦ የወሰዳቸውም እኮ እሱ ራሱ ነበር!"

ልብስ ሰፊው ከማሽናቸው ቀና ብለው "እኔን ሦስት ዓመት ነው ያልኩሽ" አሉ፤ "ዘጠኙን በአንድ ቀን ነው የጨረሰቻቸው። ለነሱ አድልታለች።"

* * *

የውሻዋ ባለቤት በጡረታ ያሉ መምህርት ናቸው። ውሻቸው ጭናቸው ላይ ተኝታ ታንኮራፋለች።

"አዎ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሰጠሁት፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተቀበልኩት። እሱ ሁልጊዜ ቀጠሮ አክባሪ ነው።"

"ቀዶ ሕክምናው ከባድ ነበር?"

"የምን ቀዶ ሕክምና? ጥርስ ነው ያወለቀላት። አንድ ጥርስ።"

"ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ጥርስ?"

መምህርቷ ውሻዋን ቀና አድርገው ድዷን አዩ። ተማሪ መልሱን ከጓደኛው እንደቀዳ የደረሱበት ጊዜ እንደሚያዩት ዓይነት አስተያየት ነበር። "ስጠይቀው ከማደንዘዣው እስክትነቃ ብሎኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ግን ስቀበላት ገና እግሯ እየተሳሰረ ነበር። ሁለት ጊዜ ነው የወጋት ማለት ነው?"

ከዚያ ዘበኛው። ኢንስፔክተሯ ከፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ሰኞ ከሰዓት የት ነበርክ?"

"ነገርኩሽ እኮ። ከበሬ አልተነቃነቅኩም።"

"እስኪ እንደገና።"

"ከበሬ..." አለና አቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተደውሎልኝ ነበር። የገንዳ ጨው የጫነ መኪና በዋናው በር ይመጣል፣ ሄደህ ተቀበል ተባልኩ። አንድ ሰዓት ቆሜ ጠበቅኩ፤ መኪና የሚባል አልመጣም። በሬን ትቼ መሄዴ ቢታወቅ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

"ማን ነው የደወለልህ?"

ዘበኛው ግራና ቀኝ አየ። "ዶክተሩ" አለ።

* * *

ሐሙስ ከሰዓት፣ የፍተሻ ፈቃድ ይዛ፣ ሁለት ፖሊሶችንና እትዬ ጥላን አስከትላ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። እትዬ ጥላ ባላቸው የሰፉላቸውን ግራጫ ኮት ለብሰው ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ይዘዋል።

"ክራቸው ከተቆረጠ በኋላ አዲስ ድንጋይ እስኪጨብጡ ድረስ ሙያውን የሚያውቅ ሰው አያንቀሳቅሳቸውም" ብለዋታል በመንገድ ላይ። "ሌላ ቦታ አልሄዱም። ጠንካራ ብርሃን ግን ይፈልጋሉ።"

ኢንስፔክተሯ የፈለገችው ያንን ነው። በኮሪደሩ መጨረሻ "መጋዘን" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት በር አለ። መጋዘን ውስጥ መብራት አይበራም፤ ከዚህ በር ሥር ግን ነጭ ሰማያዊ ብርሃን እንደ ውሃ ወለሉ ላይ ፈስሷል።

ሐኪሙ ሳያንገራግር ከፈተው። መስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ጭረት በሌላቸው አዲስ ድንጋዮች ላይ፣ ሰባት ዛጎሎች ተዘርግተዋል። ኢንስፔክተሯ ለትንሽ ጊዜ የመጣችበትን ረሳች። ሰማያዊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እስከዛሬ የምታውቅ ይመስላት ነበር።

"የግሌ ናቸው" አለ ሐኪሙ። "ከሌላ አገር ያስመጣኋቸው። ሰማያዊ ዛጎል ሁሉ አንድ ነው፤ የእናንተ መሆኑን በምን ልታረጋግጡ ነው?"

"በምን እናረጋግጣለን፣ እትዬ?" አለች ኢንስፔክተሯ።

እትዬ ጥላ ደብተራቸውን ሰጧት። ከዚያም ገንዳውን አንዴ እንኳን ቀረብ ብለው ሳያዩ ዞረው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ቆሙ።

"የሰኞው ገጽ ላይ ነው። አንቺ ከደብተሩም ከገንዳውም አመሳክሪ። አንደኛዋ፤ ከንፈሯ ዳር ዳሩን ወርቅማ ነጠብጣብ አለው፣ በአፏ አጠገብ ግን ይቋረጣል።"

ኢንስፔክተሯ አነበበች፤ ቀና ብላ አየች። "አለች። ከቀኝ ሁለተኛዋ።"

"ሁለተኛዋ፤ ቀኝ ክዳኗ ከግራው በጥፍር ያህል ይረዝማል። ስትዘጋ ትንሽ ፈገግ ያለች ትመስላለች።"

መዳፏን አሳለፈች። ሰባቱም እጥፍ አሉ፤ አንዷ ፈገግ እንዳለች ቀረች። "አለች።"

"ሦስተኛዋ ከንፈሯ ላይ እንደ ነብር ጥቁር መስመር አላት፤ ቆጥሪው፣ አሥራ አንድ ነው። አራተኛዋ ታናሽ ናት፤ ጠርዟ ላይ ያለው አዲስ ነጭ መስመር ከሁሉም ይሰፋል። እያደገች ነው፣ የእኔ ልጅ..."

አምስተኛዋን፣ ስድስተኛዋን፣ ሰባተኛዋን ቀጠሉ። ድምፃቸው አልፈጠነም፣ አልዘገየም። አንዱ ፖሊስ ኮፍያውን አውልቆ እንደያዘ አልታወቀውም። ሰባተኛዋ ላይ ሲደርሱ ኢንስፔክተሯ ደብተሩን ማየቷን ትታ ሴትየዋን ታይ ነበር። በዚህ ሥራ ስትኖር ብዙ ማስረጃ በእጇ አልፏል፤ እንዲህ ቀጥ ብሎ የቆመ ማስረጃ ግን አላየችም።

"አንድም አልሳቱም" አለች።

የሐኪሙ ፊት ያን ጊዜ ነው የተሰበረው። "ዘጠኙን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ!" አለ። "ሐኪም ነኝ! ይህችን ደብተር ሠራተኛው ሁሉ ፊት ገልጠው፣ አንድ በአንድ፣ 'አልቀበልም፣ አልቀበልም' እያሉ... ዘጠኝ ጊዜ! እንደ ተማሪ አቆሙኝ!"

እትዬ ጥላ ዞሩ። "ዶክተር፣ የመለስኩት ዛጎሎቹን ነው። አንተን አልነበረም።"

ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናገረ። አንድ የሆቴል ባለቤት ለእንግዳ መቀበያው ሰማያዊ ዛጎል ጠይቆት ነበር። እትዬ ጥላ የመለሷቸውን ሕሙማን ዛጎሎች ክሊኒኩ ውስጥ ደብቆ አቆይቷቸው ኖሯል። ሰኞ ውሻዋን ሁለቴ አደንዝዞ፣ ዘበኛውን በሐሰት ጥሪ ከበሩ አንስቶ፣ ከዘጠኙ የተረፉትን ሰባት ሕሙማን በመድኃኒት ማቀዝቀዣ ሳጥኑ ይዞ ገባ፤ ሰባቱን ጤነኞች በዚያው ሳጥን ይዞ ወጣ። ሴትየዋ በውርደት ይወጣሉ፤ ከእንግዲህ የሚመርጠው እሱ ይሆናል። ያሰበው ይህን ነበር።

* * *

ዓርብ ጠዋት ዛጎሎቹ ከነድንጋያቸው፣ ከነውሃቸው ወደ ማሳያ ቤቱ ተመለሱ። አዲሱ አዳራሽ ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቧል፤ ጽዳት ሠራተኛዋ ከፊት ናት። ሻጩም ማንም ሳይጠራው መጥቶ እንደ ሙሽራ አባት ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ የርክክብ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ወደ እትዬ ጥላ ቀረበ።

"በመጀመሪያ ይቅርታ" አለ። ክራቫቱን ለመፍታት እጁን አንስቶ ተወው። "ሳልጠይቅዎት ፈረድኩብዎት። እዚህ ጋ ብቻ ቢፈርሙልኝ... ቀጥታ ወደ ትልቁ ገንዳ እናስገባቸው። ስለ ነገው መክፈቻ ሊዘግቡ የመጡት ጋዜጠኞች በሩ ላይ ናቸው።"

"ይቅርታህን ተቀብያለሁ" አሉ እትዬ ጥላ። "ለመፈረም ግን ገና አላየኋቸውም።"

"ትናንት አውቀዋቸዋል እኮ!"

"ትናንት ማን እንደሆኑ ነው የነገርኳችሁ። ደህና መሆናቸውን ማን ነገረህ?"

ኮታቸውን አውልቀው ለኢንስፔክተሯ አስያዟት፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ መረመሩ። እያንዳንዷን ከፊት፣ ከጎን፣ ከሥር አዩ። መዳፋቸው እየሄደ ይመለሳል። ጠርዝ ዳሰሱ፤ ድንጋዩን በሁለት ጣት ነክተው ክሩ መያዙን ፈተሹ። ጋዜጠኞቹ በመስታወቱ በር ያንኳኳሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ላብ በላብ ሆኗል፤ ግን አላቻኮላቸውም። ኢንስፔክተሯ ጣቢያ የሚጠብቃት ሥራ ነበራት። አልሄደችም። ኮቱን በክንዷ ይዛ ቆመች።

በመጨረሻ እትዬ ጥላ እጃቸውን አደራረቁ።

"ስድስቱ ይገባሉ። ይቺ አትገባም።"

"ምን ሆነች?"

"ድንጋዩን ገና አልጨበጠችም። ከንፈሯንም በግማሽ ነው የዘረጋችው። ለብቻዋ ትቆይልኝ፤ እኔ እከታተላታለሁ።"

"እትዬ፣ የጥሪው ወረቀት ላይ የተሳለው ሰባት ነው!"

"እንግዲያው ሥዕሉን አስተካክሉ።"

ሻጩ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሥራ አስኪያጁ የርክክብ ወረቀቱን አየ፣ ዛጎሏን አየ፣ ሴትየዋን አየ። ከዚያ በገዛ እጁ "ሰባት" የሚለውን ሰርዞ "ስድስት" ብሎ ጻፈ።

"እርስዎ እንዳሉ" አለ።

እትዬ ጥላ እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ከሥሩ *ስድስት ጤነኛ፤ አንዲት በእኔ ክትትል ሥር* ብለው ጨመሩበት፣ ቀኑን ጻፉ፣ ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ደረደሩ፤ ፊርማቸው ከተሰመረለት መስመር አልፎ እስከ ወረቀቱ ዳር ደረሰ።